ሲስተር ሀዋ ያላየችውን አታክምም

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ቤት እንኳ ሳልደርስ፣ ሁለት ማንጎ በፌስታል አንጠልጥዬ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያመመኝ ነገር አልነበረም። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። የሄድኩት ለሲስተር ሀዋ የምነግራት ወሬ ስለነበረኝ ነው፤ ወሬው ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ እየዘለለ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ክፍል ቁጥር ሦስትን ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ወንበሯ ላይ ጺሙ ገና በወጉ ያልወጣ፣ የነጭ ጋውኑ እጥፋት ያልለቀቀ አንድ ወጣት ነርስ ተቀምጧል።

«ሲስተር ሀዋስ?»

«ሸርቆሌ ተዛውራለች። ዓርብ ነው የሄደችው። ምን ልርዳሽ?»

ምን ትረዳኛለህ! በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለት ማንጎ ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እሷን የማያውቅ የአሶሳ ሰው ካለ፣ ወይ ታሞ አያውቅም ወይ አሶሳ የመጣው ትናንት ነው። ሲስተር ሀዋ ሰፊ ናት፤ ስትገባ በሩ ራሱ ጠጋ ብሎ ቦታ የሚለቅላት ይመስላል። ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ሰዓት ተንጠልጥሏል፤ ለእኛ የተዘቀዘቀ፣ ለእሷ ግን ቀጥ ያለ። መነጽሯ ዘወትር ሻሿ ላይ ነው፤ አንድን ነገር አጣርታ ማየት ስትፈልግ ብቻ ወደ ዓይኗ ታወርደዋለች። ክፍሏ ንፋስ ስለማያገኝ በታካሚ ካርድ እያራገበች ትቀመጣለች። የእኔን ካርድ በተለይ ትወደዋለች። «ያንተ ካርድ ወፍራም ነው፣ ጥሩ ንፋስ ይሰጣል» ትለኛለች። ካርዱ የወፈረው በማን መመላለስ እንደሆነ ልብ በሉልኝ።

«ያንተ» ብዬ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም። ሲስተር ሀዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። እናቴም «አንተ» ናት፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊም «አንተ» ነው። አንድ ቀን ተሳስታ «አንቺ» ብትለኝ ኖሮ የተጣላን ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዕድሜዋን አክብሬ «እርስዎ» ስላት መነጽሯን አወረደችና ግራና ቀኟን ተመለከተች። «ስንት ሰው አለ እዚህ? እኔ ብቻዬን ነኝ» አለችኝ። ጡረታዋ መቃረቡን ጤና ጣቢያው በሙሉ ያውቃል፤ ለእሷ ግን የነገራት ሰው ያለ አይመስልም።

እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ።

እኔ ስምንት መቶ ሜትር እሮጣለሁ። አስረኛ ክፍል ነኝ፤ በሒሳብ መካከለኛ ነኝ፤ በሩጫ ግን ከትምህርት ቤታችን ሴቶች የሚቀድመኝ የለም። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። (ትንሽ ጉራም አለበት።) ታዲያ በዚህ በጋ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ፣ አንገቴንና ደረቴን በብዙ መርፌ የወጉኝ መሰለኝ። ወዲያው ማሳከክ ጀመረ። እጅጌዬን ስሰበስብ ክንዴ በሙሉ ችፍ ብሏል፤ የወባ ትንኞች ተሰልፈው ተራ በተራ የነከሱኝ ነው የሚመስለው።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ያልሆነ ሰው ጠፋ። አብራኝ የምትቀመጠው ምህረት «እከክ ነው!» አለችና ደብተሯን ሰብስባ ኋላ ወንበር ሄደች። የሰፈራችን ሰው «ማንጎ አብዝታ ነው» አለ። እኛ ጋ በማንጎ ወቅት የሚመጣ ነገር ሁሉ በማንጎ ይላከካል፤ ሆድ ቁርጠት ማንጎ፣ ራስ ምታት ማንጎ፣ ፈተና መውደቅም ማንጎ። እናቴ ግን ወሎዬ ናት። ወላጆቿ በሰፈራ ጊዜ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ አድጋም የወሎ አነጋገሯ አልለቀቃትም። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር።

«ምች ነው! በዚህ ፀሐይ ስትንከራተት ውላ ምች ሳይመታት ሊቀር ኖሯል?»

ለጥንቃቄ ማንጎውንም ከለከለችኝ።

ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን ቀባችኝ፤ ዝንጅብል የበዛበት ትኩስ ሻይ አስጠጣችኝ፤ በርና መስኮቱን ዘግታ ሁለት ጋቢ ደረበችብኝ። «ይላብሽ» አለች። በአሶሳ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ቤት፣ በሁለት ጋቢ! ብዙም ሳይቆይ ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ችፍ አልኩ። እኔ እያከክሁ አለቅሳለሁ፤ እናቴ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ በራ።

«ወጣ! አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ምቹ እየወጣልሽ ነው!»

እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ጋቢው ተነስቶልኝ በር ላይ ንፋስ ሲያገኘኝ ሽፍታው እልም ብሎ ጠፋ። «አየሽ? ለቀቀሽ» አለች። በማግስቱ ስሮጥ ተመልሶ መጣ። እናቴ ዳማከሴውን ጨመረች። እንዲህ እያልን፣ እሷ እያዳነችኝ እኔ እየባሰብኝ፣ ሁለት ሳምንት ሄደ።

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቶች ውድድር ደረሰ። የስፖርት መምህራችን ቲቸር ዳመነ ከሜዳው ዳር ጠራኝና ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ አነጋገረኝ።

«ሰዓዳ፣ የሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ አትሮጪም። የሚተላለፍ ከሆነ ቡድኑ በሙሉ ያልቅብኛል።»

የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር በአንድ ወረቀት ተንጠለጠለ፤ ወረቀቱ ደግሞ በሲስተር ሀዋ እጅ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሽፍታው ሐኪም ይፈራል። ከእናቴ ጋር ጤና ጣቢያ ደርሰን፣ ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ተራ ስንጠብቅ፣ ስሜ እስኪጠራ ድረስ ቆዳዬ እንደ ሕፃን ለስልሶ ቁጭ ይላል። ሲስተር ሀዋ መነጽሯን አውርዳ ክንዴን፣ አንገቴን፣ ጀርባዬን አየች።

«የታለ?»

«ቅድም ነበር» አልኩ።

«ቅድም የነበረ፣ ቅድም ይታከማል። እኔ ያላየሁትን አላክምም።»

በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ሮጥኩ። ደርሼ አጥር ሥር ስቆም ሙሉ በሙሉ ችፍ ብዬ ነበር! ግን ሰልፉ ረጅም ነበር። ገና አምስት ሰው ሲቀረኝ ሁሉም ጠፋ። ሲስተር ሀዋ ገና በር ላይ ስታየኝ «ማንጎ መጣ!» አለች፤ የሰፈሩን ሐሜት እናቴ ነግራት ነበርና ስሜ በዚያው ቀረ። ሕመምተኛን ሁሉ በሕመሙ ነው የምትጠራው፤ «ጉንፋን፣ ግባ»፣ «ቁርጠት፣ ዛሬ እንዴት ነህ?» ማንም አይቀየማትም፤ ስም ሳታወጣለት የወጣ ሰው እንዲያውም ያልታከመ ይመስለዋል።

በሦስተኛው ቀን እናቴ መማል ጀመረች። «እኔ ልሙት ሲስተር፣ መላ ገላዋ ችፍ ብሎ ነበር!»

«ለመሐላ የሚሆን ክኒን የለኝም» አለች ሲስተር ሀዋ። ግን በዚያን ቀን በካርዴ ማራገቧን አቆመች። «ንገረኝ እስቲ፣ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?»

ቆጠርኩላት። ስሮጥ። በትኩስ ውኃ ስታጠብ። እናቴ በርበሬ ያበዛችበት ወጥ ስበላ። አንዴ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪያችን ድንገት ወደ ሰሌዳ ሲጠራኝ። ጋቢ ስለብስ።

«ማንጎ ስትበላስ?»

«ማንጎ ከተከለከልኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ሽፍታው ግን አልቀረም።»

መነጽሯን ወደ ሻሿ መለሰች። «ነገ ሁለት ማንጎና የሩጫ ጫማ ይዘህ ና።»

ያንን ነገ እስከ ዘለዓለም አልረሳውም።

ሲስተር ሀዋ አስቀድማ ለሐኪሙ ነግራ ኖሮ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፤ መርፌና መድኃኒት የያዘ ትሪ አጠገቡ አለ። «ለምናልባት ነው። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ እንዳንሯሯጥ» አለች። ከዚያ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሁለቱንም ማንጎ አስበላችኝ። ሁለት ሳምንት ተከልክዬ! ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ሰዓቷን እያየች ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። መነጽሯን አውርዳ መረመረችኝ። ምንም የለም። እናቴ የማንጎውን ፍሬ በከንቱ ስታማው የኖረችውን ሰው እንደምታይ አየችው።

«ያላ፣ አሁን ሩጥ» አለች ሲስተር ሀዋ።

በጤና ጣቢያው ዙሪያ መሮጥ ጀመርኩ። እሷም ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ በነጠላ ጫማ ጧ ጧ እያለች፣ በአቋራጭ እየጠበቀች ትከተለኛለች። ተራ የሚጠብቀው ሰው በሙሉ ሕመሙን ረሳ።

«ሲስተር፣ በሽተኛ ታባርሪያለሽ እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው።

«መዳን አልፈልግም ብሎ እየሸሸ ነው!» አለች እያለከለከች።

አምስተኛው ዙር ላይ መርፌዎቹ አንገቴ ላይ ተሰሙኝ። ቆምኩና ክንዴን ዘረጋሁ። አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። ሲስተር ሀዋ ጃንጥላዋን ጣለችና ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ከሩቅ አገር የመጡ ዘመዶቿን የምትቀበል ነው የምትመስለው።

«መጡ! እንኳን ደህና መጣችሁ! ሦስት ቀን ጠበቅኳችሁ እኮ!»

እስኪብርቶ አውጥታ ከሽፍታዎቹ ሦስቱን በሰማያዊ ከበበቻቸው። ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አንገቴ ላይ አደረገች፤ ሰዓቷን ይዛ ጠበቀች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሽፍታው ጠፍቶ ክቦቹ ብቻ ቀሩ።

«አየህ? እንግዳው ሄዷል፣ ምንጣፉ ቀርቷል» አለችኝ።

ከዚያ ለእኔና ለእናቴ አስረዳችን። ሰውነት ሲሞቅ ላብ እንዲወጣ ነርቭ ያዝዛል። የብዙ ሰው ቆዳ ትእዛዙን ሰምቶ ዝም ብሎ ያልባል። «ያንተ ቆዳ ግን ይደነግጣል። ጠላት መጣ ብሎ ይጮሃል። ጠላት የለም! ጩኸቱ ነው እብጠትና ማሳከክ የሚሆነው።» አይተላለፍም፤ ከቆሻሻም አይመጣም፤ ከማንጎም አይደለም። ለምን የእኔ ቆዳ እንደተመረጠ ስጠይቃት «እሱን ትልልቅ ሐኪሞችም ገና እየፈለጉ ነው» አለች፤ የማታውቀውን አላውቅም ስትል ድምጿ አይቀንስም። የሚያሞቅ ሁሉ ይቀሰቅሰዋል፤ ሩጫ፣ ትኩስ ውኃ፣ በርበሬ፣ ወፍራም ልብስ። ንዴትም፣ ድንጋጤም፣ እፍረትም። «ደስታም» አለች።

«ደስታም?» አልኳት። አሁን ተራው የእኔ ነበር። «ያላየሁትን አላምንም።»

ወንበሯ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «አንድ ቀን ታያለህ።»

እናቴ ግን አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች። «እንግዲያ በጋቢ ጠቅልዬ ያሳመምኳት እኔ ነኛ?»

ሲስተር ሀዋ ቀልዷን ወዲያው አስቀመጠችው። «መዓሌሽ፣ ምንም አይደል። እናት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዳማከሴው ለምች ይቀመጥ፤ ይሄ ምች አይደለም። ጋቢውን ደግሞ» አለችና ቀልዷን መልሳ አነሳችው፣ «ጋቢውን ለአባቱ አልብስ፤ እሱ ምንም አይወጣበትም።» እናቴ ሳቋ አመለጣት።

ከሐኪሙ ጋር ተማክራ ሴትሪዚን የሚባል ክኒን ሰጠችኝ፤ እንደ ድሮዎቹ የአለርጂ ክኒኖች እንቅልፍ የማይጎትት፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ። ሽፍታውን ለመደበቅ ከላዬ የማላወልቀውን የናይለን ቱታ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ «ይሄን ላስቲክ አውልቅ፣ ጥጥ ልበስ» አለች። በትኩስ ፈንታ ለብ ያለ ውኃ። ከሩጫ በፊት ቀስ ብሎ ማሟሟቅ። «ሽዊያ ሽዊያ» ትላለች፤ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው፤ ሁለት መዳፎቿን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ እያደረገች፣ የሚገነፍል ወተት እንደምታበርድ። አንድ ነገር ስትነግረኝ ብቻ አልቀለደችም። አገጬን ይዛ ነው የነገረችኝ። «ከንፈርህ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ካዞረህ፣ ሩጫ የለም፣ ተራ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል። ብቻህን አትሮጥም። ሰማህ?» ሰማሁ።

ወረቀቱን ቲቸር ዳመነ በክፍሉ ፊት ነው ያነበበው። በሙቀት የሚመጣ የቆዳ አለርጂ መሆኑ፣ ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ፣ በጥንቃቄ መሮጥ እንደምችል፣ ውኃና አብሮኝ የሚሆን ሰው እንደሚያስፈልገኝ ተጽፏል። ከማኅተሙ ሥር በሰማያዊ እስኪብርቶ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ይህን ያላመነ መጥቶ ይይ።» ቲቸር ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱን አጠፈው። በእረፍት ሰዓት ምህረት ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይቅርታ ማለት አትችልበትም። «ማንጎ ትበያለሽ?» አለችኝ። በላሁ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሦስት ቀኑ ክፍል ቁጥር ሦስት ብቅ እል ነበር። ሽፍታው ፈጽሞ አልጠፋም፤ ክኒኑን ስጀምር ግን ከመንጋ ወደ ሁለት ሦስት ዝቅ አለ። ሲስተር ሀዋ በእያንዳንዱ ቀን «ስንት እንግዳ መጣ?» ትለኛለች፤ ካርዴ ላይ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ታራግብበታለች። በመጨረሻ ያየኋት ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ ነው። ውኃ የጠጣችበትን ብርጭቆ ስታጥብ፣ መሳቢያዋን ስታራግፍ አየኋት፤ ጽዳት መስሎኝ ነበር። «ሰኞ ና፣ ስንተኛ እንደወጣህ ንገረኝ» አለችኝ። «ማንጎ ይዘህ።»

ቅዳሜ ሮጥኩ። የመጨረሻው ዙር ላይ ቲቸር ዳመነ ከአንድ ወገን «ፍጠኚ! ፍጠኚ!» ይላል፤ እናቴ ከሌላው ወገን ነጠላዋን እያውለበለበች «ሽዊያ ሽዊያ በይ የኔ ዓለም!» ትላለች። የሰማሁት የሁለቱንም ነው መሰለኝ፣ ሦስተኛ ወጣሁ። መስመሩ ላይ ምህረት በጀሪካን ውኃ አንገቴ ላይ አፈሰሰችብኝ። ሁለት ሽፍታ ብቻ። ቆጠርኳቸው።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው እንግዲህ ሰኞ በዚያ ልጅ እግር ነርስ ፊት የቆምኩት።

ፌስታሌን አየ። ፊቴን አየ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ማንጎ... ማንጎ የሚሏት አንቺ ነሽ?»

መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ወፍራም ካርዴን አወጣ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስኪብርቶ ተጽፎበታል። አነበበልኝ።

«ሰኞ አንድ ቀጭን ልጅ ማንጎ ይዞ ይመጣል። መሄዴን ያልነገርኩት ከሩጫው በፊት እንዳይደነግጥ ነው፤ ድንጋጤ እንግዳ ይጠራበታል። ስንተኛ እንደወጣ ጠይቅ። ወረቀቱን ሳታይ አትመን።»

ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ። ኮስተር ለማለት እየሞከረ ነው፤ አልሆነለትም። «ስንተኛ ወጣሽ?»

«ሦስተኛ።»

«ሰርተፊኬቱ የታለ?»

«ቤት ነው። እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።»

«እንግዲያ አላመንኩም። እንደዚያ ተብያለሁ።»

ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ሳልወስን፣ አንገቴ ላይ እነዚያ መርፌዎች ወጋ ወጋ አደረጉኝ። አልሮጥኩም። ፀሐይዋ በርዳለች። ትኩስ አልጠጣሁም፣ በርበሬ አልበላሁም። ክንዴን ገለጥኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት። ነርሱ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከንፈሬን አየ፣ ትንፋሼን አዳመጠ። እኔ ግን «ደስታም» ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ፈገግታዬ ከጆሮ እስከ ጆሮ ደርሷል።

«ደህና ነኝ» አልኩት። «እንኳን ደህና መጣችሁ በላቸው። እስኪብርቶ አለህ?»

ሦስቱንም ከበባቸው። ሰዓቱንና ቀኑን ከጎናቸው እንዲጽፍ አዘዝኩት፤ ስሙንም አስፈረምኩት። ማንጎዎቹን ለእሱ ትቼለት ወጣሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር በሸርቆሌ ሚኒባስ እንሳፈራለን፤ በጥላው በኩል፣ መስኮት አጠገብ። ሰርተፊኬቱን ከግድግዳ አውርደነዋል። እስከዚያ ድረስ ስታጠብ ግራ ክንዴን ከባልዲው ውጭ ነው የማደርገው፤ እናቴ «አረ ተይ፣ ሸተትሽ!» ትላለች። ይሽተት። ክቦቹ እንዳይለቁ ነው። ሲስተር ሀዋ ያላየችውን አታምንማ።